ሁለት አፍ ለአንድ ወይን

እኔ የማላምነው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጠላ በኬክ የሚጠጣ። አይቻለሁ እኮ። ባለፈው ሰፈራችን የልጅ ልደት ተብሎ ተጠርተን፣ አንዱ ጎልማሳ በአንድ እጁ ጣሳ፣ በአንድ እጁ ክሬም የተቀባ ኬክ ይዞ ያፈራርቃል። እንዲህ ያለ ሰው ነገ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል?

መጠጥ ሁሉ እኮ ዘመዱን ያውቃል። ጠላ ቆሎውን፣ ጠጅ ጥሬ ሥጋውን። አረቄ ማንንም አይፈልግም፤ ፊት ማጨማደድ ይበቃዋል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ሰርግ ላይ በጠጁ ላይ ወተት ጠጥቶበት ሙሽሮቹ ሳይወጡ እኛ ወጣን። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ወተት ሲገባ በሌላ በር ነው። ይህን ሁሉ ማን አስተማረን? ማንም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እዚያም ስለ ጠጅ አላነሱልንም። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ሌላው አይጠፋውም።

አንድ መጠጥ ብቻ ነው ዘመዱን ያጣሁለት። እሱን ፍለጋ መካኒሳ ያለው ግቢያችን በሙሉ ሥራ ፈትቶ ነበር። አሁን ስናወራው እንስቃለን፤ ያኔ ግን ሳቅ አልነበረም።

ጊዜው መንግሥት ከተለወጠ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው። ግቢያችን አንድ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አምስት ቤት ነው። የእኔ ቤት መግቢያው አጠገብ ነው። ሰው ብርቄ ሁሉን ታያለች ይለኛል። ምን ላድርግ? በሬ ክፍት ነው፣ ዓይኔም እንደዚያው።

ፊት ለፊቴ ጥሩወርቅ ትኖራለች። ባሏ ወታደር ነበር። ጦሩ ሲበተን በእግሩ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። አይፈረድበትም። የሚያውቀው ጠመንጃ ነው፤ ጠመንጃውን ደግሞ ተቀብለውታል። ሦስት ልጆች አሏቸው። ጥሩወርቅ እጇ የተባረከ ነው፤ ውኃ ብታፈላ ይጣፍጣል። ግን ምኑን ታብስለው? እስከ ፋሲካ ሥራ ካላገኘች ልጆቿን ይዛ ወሎ እናቷ ዘንድ ልትገባ ቆርጣለች። የቤቱን ዕቃ ለማን ለማን እንደምትሰጥ ሳይቀር አከፋፍላ ጨርሳለች። ለእኔ የደረሰኝ ሰፌድ ነው። ሰፌዱ ጥሩ ሰፌድ ነው፤ አልዋሽም። ግን እሷ በሌለችበት ግቢ ሰፌድ ይዤ ከማን ጋር ላወራ ነው?

ብስራተ ገብርኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አንዲት ፈረንጅ ምግብ አብሳይ ትፈልጋለች የሚለውን ወሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ወሬኛ ይላል፤ ወሬ ሲጠቅም ግን ማን ያመሰግናል? ሴትዮዋን ሁሉም ማዳም ነው የሚላት። ሁለት አብሳይ አባርራለች አሉ። አንደኛዋ ፓስታውን ገንፎ አድርጋባት፣ ሁለተኛዋ በዶሮ ወጥ እንግዳ አስለቅሳባት።

ጥሩወርቅ ረቡዕ ጠዋት ሄደች። ስትመለስ ከነጠላዋ ሥር የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ አወጣች። ውስጡ ጠቆር ያለ ቀይ ነገር ሞልቶበታል። እኔ ደንግጬ፣ ታመሽ እንዴ አልኳት።

አልታመመችም። ማዳም አማርኛ ትሞክራለች፤ እየሰበረችም ቢሆን ታስረዳለች። ይህ ወይን ነው አለቻት። ግን አንድ ወይን አይደለም፤ ከብዙ ዓይነት ወይን የተደባለቀ ነው። በላዩ እንደ አረቄ ያለ ነገር ገብቶበት ጠንክሯል። ቅዳሜ ለምሳ አንድ ሽማግሌ እንግዳ አለኝ፤ የዚህ ወይን አገር ሰው ነው፣ አባቱም ዕድሜውን ሙሉ ይህንኑ ሲደባልቅ የኖረ። ወይኑን ያመጣው ራሱ ነው። ፓስታ አልፈልግም፤ ያገርሽን ምግብ ሥሪ፣ ግን ለዚህ ወይን የሚስማማ ይሁን። ቀምሰሽ ዕወቂው ብላ ከትልቁ ጠርሙስ ቀንሳ ሰጠቻት። እንግዳው ደስ ካለው ሥራው ያንቺ ነው። ደስ ካላለው ግን፣ አለችና ማዳም አልጨረሰችውም። መጨረስም አያስፈልገውም።

"ታዲያ ይሄ ምን ይከብዳል፣ እንቀምሰዋለና" አልኳት።

ይህን ብዬ አፌን ሳልዘጋ ነው ትዝ ያለን። ሁዳዴ ነው።

ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። እሺ፣ የኛስ ጾም ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ዘይነባ አለችልን። የስልጤ ሴት ናት። ክትፎ ስትሠራ ዘመዶቿ ከመርካቶ ድረስ ሽታው እየመራቸው ይመጣሉ። ግን ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ እንደ መንታ ልጆች ተያይዘው ነው የገቡት። ቀን ውኃ እንኳ አትቀምስም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሥጋ ትበላለች፤ ወይን ግን በሕልሟም አይዞርባት። እኛ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ወይኑን ልንቀምስ እንችላለን፤ ወይን እንኳን የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ሥጋው ግን አይታሰብም። በዚያ ላይ በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ዝግ ነው፤ የሚገኘው የሙስሊም ነው። እሱን ጾም ባይሆንም እኛ አንበላም፤ እነሱም የኛን አይበሉም፤ ያባት የናት ወግ ነው። እስቲ አስቡት። ወይኑ አለ፣ ሥጋው አለ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚችል አፍ ግን በግቢው ጠፋ።

የጾም ምግብ አትሠራለትም ወይ ትሉ ይሆናል። እኛስ መች ጠፋን? የዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ በሽሮ ሞከርነው። ሽሮና ያ ወይን እንደ አማትና ምራት ናቸው። ሁለቱም ለየብቻ ደህና ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቤት ግን አይሆኑም። በምስር ወጥ ሞከርነው፤ በርበሬው ወይኑ ውስጥ ያለውን እሳት ቆስቁሶት ጥሩወርቅ ስታስነጥስ አመሸች። እኔ በተልባ ሞከርኩት። እሱን ተዉት። የተቆላ ለውዝ ብቻ እጅ ለእጅ ተያያዘው፤ በጣም ነው የተስማማው። ግን ለውዝ ምሳ ነው? እንግዳ ጠርቶ ለውዝ የሚያቀርብ ሰው ሲኒማ ቤት ይክፈት።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ወይንም ከብቅል አያንስም። ጥሩወርቅ ሁለት ጊዜ ጎንጨት እንዳለች እንባዋ መጣ። ትልቋ ልጇ ማታ ማታ ደብተሯን እያቀፈች፣ እማዬ ወሎ ስንሄድ የት ክፍል ያስገቡኛል እያለች ትጠይቃታለች። ምን ብዬ ልመልስላት እትዬ ብርቄ ስትለኝ፣ እኔ ጠርሙሱን ከደንኩት። ገሚስ ደርሶ ነበር።

ያኔ ነው አቶ ሺፈራው ትዝ ያለኝ።

አቶ ሺፈራው ከጓሮ ያለው ቤት ነው የሚኖረው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሹም ነበር። እግዚአብሔር የለም እያለ ያስተምረን ነበር። በስቅለት ቀን ሳይቀር ሥጋ ሲጠብስ፣ እኔ በስግደት ወገቤ ተቆርጦ ስመለስ ሽታው ቀድሞኝ ቤቴ ገብቶ ይጠብቀኛል። ታዲያ ይህ ሰው ለአንድ ቀን የድሮውን ቢያደርግልን ምን ይጎድልበታል? ጥሩወርቅን አስከትዬ ሄድኩ።

ለካ መንግሥት ሲለወጥ እሱም ተለውጧል። ነጠላውን አጣፍቶ ዳዊት ይደግማል፤ ያውም ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብሎ። ነገሩን ቀስ አድርጌ አስረዳሁት። አንዲት ጉርሻ፣ አንዲት ጉንጭ፣ ከዚያ እንዴት እንደሆነ መንገር ብቻ። ሦስት ልጅ ያላት ሴት ናት፣ ጽድቅም ነው አልኩት። ዓይኑ ለአፍታ ወደ ሽሮፑ ጠርሙስ ሄደ፤ አይቻለሁ። ከዚያ መለሰውና፣ "ብርቄ፣ በዚህ ዕድሜሽ የሰይጣን መልክተኛ ሆነሽ መጣሽ?" አለኝ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው ለሌላ ሰው ነው። እሱ ሲሾም በላ፣ ሲሻር ጾመ። የቆጨን እኛን ነው።

ተስፋ ቆርጠን ስንመለስ ዘይነባ ቧንቧው ጋ ጀሪካን እየሞላች ነበር። ሁሉን ሰምታለች፤ በኛ ግቢ ያልሰማ ሰው ካለ የታመመ ነው። ጀሪካኑን ሞልታ ከደነችና፣ "አንቺ ትጠጫለሽ፣ እኔ እበላለሁ። ምን ቸገረን?" አለችኝ።

"እንዴት አድርገን?" አልኳት።

"አፉ ሁለት ቢሆን ወሬው አንድ ነው። አንቺ የወይኑን ትነግሪኛለሽ፣ እኔ የሥጋውን እነግርሻለሁ።"

እኔ ሴትዮዋ ጾሙ ራሷ ላይ ወጣ ብዬ ነበር። ግን ሌላ ምን ነበረን?

ሐሙስ ማዳም ለመሞከሪያ በሰጠችው ገንዘብ ሥጋ ተገዛ። ዘይነባና ጥሩወርቅ አብረው ሠሩት። ሦስት ሳህን። አንዱ ጥብስ በቃሪያ፣ አንዱ ክትፎ ሚጥሚጣው እንደወትሮው፣ አንዱ ደግሞ ክትፎ ለብ ለብ፣ ሚጥሚጣው ቀነስ ብሎ ኮረሪማው በርከት ያለ፣ ከጎኑ አይብ። ሁሉም በዘይነባ ቤት ቀረበ፤ ማንም ግን አልነካውም። ቁጭ ብለን ፀሐይዋን እንጠብቃለን። ሦስት ሴቶች ሥጋ ከበው ዝም ሲሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አዛን አለ። ዘይነባ በቴምርና በውኃ ፈታች፣ ሰገደች፣ መጥታ እጇን ታጠበች። እኔ በትንሿ የሻይ ብርጭቆ ወይኑን ቀዳሁ። ጥሩወርቅ መሐላችን ተቀመጠች፤ እሷ አትጠጣም፣ አትበላም፣ የምትይዘው በጭንቅላቷ ነው።

"በይ ንገሪኝ" አለች ዘይነባ። "ከምላስሽ ጫፍ ጀምሪ።"

"ዘቢብ ነው። ተቀቅሎ ማር የገባበት ዘቢብ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ትንሽ እንደ እንጨት ይመራል። ከዚያ ጉሮሮ ላይ እሳት።"

"እሳቱ ይሄዳል ወይስ ይቀመጣል?"

"ይቀመጣል። የአቶ ሺፈራው ዳዊት በይው።"

ዘይነባ አልሳቀችም። ሥራ ላይ ናት። ከጥብሱ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ እኔን እያየች አሰበች። እኔም እሷ ስትጎርስ ጎንጨት አልኩ። ጥብሱ ይቅር አለች፤ ቃሪያው ከዚያ እሳት ጋር ይደባደባል። ወደ ሁለተኛው ሳህን ሄደች። እሷ ጉርሻ፣ እኔ ጎንጨት፣ ዓይን ለዓይን ተያይተን። ጥሩወርቅ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየች አንገቷ ዞረ። ይሄም አይሆንም አለች ዘይነባ፤ እሳት በእሳት አይጠፋም። ያንቺ መጠጥ ጣፋጭ ነው፣ ጣፋጭ ነገር ብቻውን ይሰለቻል፤ ጨው ያለበት ቅባት ይፈልጋል፣ የሚያበርድለት ነገር ይፈልጋል። ይህን የምትለው ወይን ጠብታ አፏ ገብቶ የማያውቅ ሴት ናት፤ አስተውሉ።

ሦስተኛው ሳህን ላይ ክትፎውን በአይብ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ጎንጨት አልኩና አብሬያት ጨፈንኩ። እውነቴን ነው፣ ቅቤው እኔ አፍ ውስጥ የቀለጠ መሰለኝ። ዘቢቡ መጣ፣ ከኋላው ቅቤው መጣ፣ አይቡ እሳቱን እንደ እናት ፀጥ አሰኘው። ሁለታችንም ባንድ አፍ፣ ይሄ ነው አልን። ጥሩወርቅ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ኮረሪማውን በማንኪያ ልክ ደጋግማ ታነበንባለች።

በማግስቱ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። አባቴ፣ የሰው ጉርሻ ጣዕም አፌ ውስጥ መጣ፣ ጾሜ ተሻረ ወይ? እሳቸውም፣ ጣዕሙስ አይሽርም፣ ወሬው ግን ይሽራል አሉኝ። እንደሱማ ከሆነ እኔ ጾሜ የማውቀው ዓመት የለም።

ቅዳሜ ጥሩወርቅን ዕቃ ልሸከምላት ብዬ ተከተልኳት። ዕቃው አንድ ዘንቢል ነበር፤ ግን ማየት ነበረብኝ። የማዳም ወጥ ቤት ከኔ ቤት ይሰፋል። ጥሩወርቅ ክትፎውን ለብ አደረገች፣ አይቡን ከጎኑ አኖረች፣ የተቆላ ለውዝ በትንሽ ሳህን ለኋላ አስቀመጠች። ምሳው ገባ። እኔ የበሩን ስንጥቅ ያዝኩ።

እንግዳው ረጅም ሽማግሌ ነው፤ አፍንጫው ራሱ ወይኑን ይመስላል። ጎረሰ። ጎንጨት አለ። ለአፍታ ገታ አለ። ሌላ ጎረሰ፣ ሌላ ጎንጨት አለ። ሹካውን አስቀመጠና ለማዳም አንድ ነገር አላት። ጥሩወርቅ ተጠራች።

ማዳም ፊቷ በርቷል። እንግዳዬ በጣም ተደስቷል አለች። እንግዳው ተነስቶ በራሱ እጅ ወይን ቀዳ፣ በሳህን ክትፎ ከአይብ ጋር አደረገ፣ ለጥሩወርቅ ዘረጋላት። አብረሽው ቅመሺ፣ ላንቺ ክብር ነው አለች ማዳም።

ጥሩወርቅ ወደ ኋላ አለች። "ጾም ነኝ ማዳም። ሥጋ አልበላም።"

የማዳም ፈገግታ ቀስ እያለ ሄደ። ሳህኑን አየች፣ ጥሩወርቅን አየች። "ጾም ከሆንሽ፣ ይሄን ማን ቀመሰ?"

"እኔ አልቀመስኩትም።"

በኛ አገር እንኳ ጠጅ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ሰው አመነ አላመነ ወጉ ነው። ይህች ደግሞ ለብ ያለ ሥጋ ለሰው እንግዳ አቅርባ፣ አንዳንድ ጉርሻ ከገባ በኋላ፣ እኔ አልቀመስኩትም ትላለች። እንግዳው ምን አለች ብሎ ይጠይቃል።  የወሎ አውቶብስ እዚያ ምግብ ቤት መሐል ቆሞ፣ የልጅቷ ደብተር ከላይ ሲጫን ታየኝ።

ሳይጠሩኝ ገባሁ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሁዳዴ፣ ስለ ረመዳን፣ ስለ ጠፋው አፍ። ወይን የማትጠጣ ሴት ሥጋውን እንደቀመሰች፣ ሥጋ የማልበላው እኔ ወይኑን እንደጠጣሁ፣ ሁለቱ የተገናኙት በወሬ ብቻ እንደሆነ። ማዳም ግማሹን በአፏ፣ ግማሹን በእጇ ተረጎመችለት፤ ሁለት ጣቷን አንስታ አፏ ላይ ስታደርግ አየሁ። እንግዳው ፊቱን ቋጥሮ ይሰማል። ከዚያ በማዳም በኩል ጠየቀኝ። የበላችው ሴት ወይን ቀምሳ አታውቅም? አታውቅም፣ ከተወለደች አልኩ። አንቺስ ይሄን ሥጋ አልበላሽም? ፋሲካ እስኪሆን እንዲህ ያለ ነገር አልበላም አልኩት።

ሽማግሌው ሳቀ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ እንባውን በናፕኪን ጠረገ። ማዳምም ሳቋ መጣ። ሲበርድለት ያላትን ማዳም ነገረችን፤ በአባቱ ቤት ወይኑን ሲደባልቁ የሚቀምሱት ሰዎች አይውጡትም አለ፣ ቀምሰው ባልዲ ውስጥ ይተፉታል፣ ጣዕሙን እርስ በርስ በመናገር ነው የሚስማሙት። እኔ እስካሁን ያልገባኝ ይሄ ነው። ያን ወይን ትፋ ቢሉት የሚተፋ ሰው እናት የለውም?

ማዳም ጥሩወርቅን ትከሻዋን ይዛ፣ ሰኞ ጠዋት ነይ አለቻት።

ከበሩ እንደወጣን ጥሩወርቅ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።  እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ምንም አልተናገርንም፤ እኔ ዝም ማለቴን ልብ በሉ። ተሳላሚው እያለፈ ሳንቲም ሊጥልልን ሲል ነው የተነሳነው። ሠፈር ስንደርስ ባሏ ከግድግዳው ተነሳና ዘንቢሉን ከእጄ ተቀበለኝ። ልጅቷ ፊታችንን አይታ ደብተሯን ይዛ ወደ ውስጥ ሮጠች። ሰፌዱም ቀረብኝ፤ ተመስገን።

እንግዳው አገሩ ሲመለስ የቀረውን ወይን ለሁለቱ አፎች ብሎ ልኮልናል። ዘይነባ ድርሻዋን ለእኔ ተወችልኝ። እኔም ለፋሲካ አስቀመጥኩት። ፋሲካ ሲደርስ ጥሩወርቅ ከኛው ሥጋ ቤት ገዝታ፣ ያንኑ ክትፎ፣ ያንኑ ኮረሪማ፣ ያንኑ አይብ አድርጋ አቀረበችልኝ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሰዓት ስጠብቅ ነው የቆየሁት። ጎረስኩ፣ ጎንጨት አልኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ደህና ነው። ደህና ብቻ። ያ የቀለጠው ነገር የለም። ደገምኩት፤ የለም።

ለጥሩወርቅ ምን ብዬ ልንገራት? ወደ ዘይነባ ሄድኩ። ልብስ ታሰጣ ነበር። ነገሩን ነገርኳት፤ በሁለት አፍ እንዲያ የጣፈጠ ነገር በአንድ አፍ ሲሆን ምን ነካው አልኳት። እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ዞር ብላ አየችኝ።

"ታዲያ ምን ጠብቀሽ ነበር? ያን ቀን እኮ የበላሁት እኔ ነኝ።"

በሰው አፍ አይበላም የሚሉ ሰዎች አሉ። ዘይነባ ስትበላ አላዩም።